የሁለት ግራም አደራ



ሰው ስለ ገላው ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው ሥጋውና አጥንቱ፣ ደሙና ቆዳው ነው። ብረት፣ መዳብና ዚንክ ግን ከማረሻ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከጣሪያ ክዳን ጋር እንጂ ከሰው ገላ ጋር አብረው አይታሰቡም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ግራም የሚደርስ ብረት፣ ሁለት ግራም ያህል ዚንክ፣ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ደግሞ መዳብ ይገኛል። ሁሉም ተሰብስቦ ቢመዘን አንድ ምስማር ቢያክል ነው። ይሁንና ይህች ጥቂት ነገር ስትጎድል ሕፃን እንደሚገባው አያድግም፤ ቁስል ቶሎ አይሽርም፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ በሽታም በቀላሉ ይደፍራል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ስለዚህች ጥቂት ነገር፣ ይልቁንም ስለ ዚንክ ነው።

እኔ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪምም ኬሚስትም አይደለሁም። ዘመናዊ ትምህርቴም ሁለተኛ ደረጃ ላይ የቆመ ነው። ታዲያ ምን አገባህ የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የምኖረውም የማስተምረውም ጉለሌ ነው። ይህን ጉዳይ በአገራችን ሕፃናት ላይ ካጠኑት ተቋማት አንዱ፣ ሰዉ በልማድ «ፓስተር» የሚለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ያለውም በዚሁ በጉለሌ ነው። የጥናቱ ፍሬ በውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ዓለም ሲያነበው፣ ከግቢው አጥር ማዶ ያለነው ሰዎች ግን ወሬውን እንኳ አለመስማታችን ያሳዝነኛል።

አንድ ጊዜ ይህን ነገር ለልጆች ሳጫውት አንዱ ደረሳ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ዚንክ ማለት ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚቀባው አይደለም እንዴ? እንዴት ይበላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ከወጥ ቤት ማግኘት ይቻላል። በምንበላው ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ። ሶዲየም ለብቻው ሲሆን ውሃ ሲነካው የሚንጣጣና የሚነድ ማዕድን ነው። በጨው ውስጥ ያለው ግን የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ጠባዩን የለወጠ ሶዲየም ነው፤ ይህም አዮን ይባላል። በሰውነታችን ያለው ዚንክም፣ ብረትም፣ መዳብም እንዲሁ አዮን ሆኖ ነው የሚገኘው። ቆርቆሮ የሚበላ የለም፤ በሽምብራው፣ በሥጋው፣ በእንቁላሉና በጤፉ ውስጥ ያለውን አዮን ግን ሁላችንም እንበላለን።

ይህ አዮን ከገባ በኋላ የት ይሄዳል? ከሚሄድባቸው ቦታዎች ዋነኛው ኢንዛይም የሚባለው ነው። ኢንዛይም በሕያው ነገር ሁሉ ውስጥ የሚገኝ ሥራ አፋጣኝ ፕሮቲን ነው። የበላነው እንጀራ ወደ ስኳርነት የሚለወጠው፣ ሥጋው በአንጀት ውስጥ ተፈታትቶ ወደ ደም የሚገባው፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠገነው በኢንዛይሞች ሥራ ነው። ኢንዛይም ባይኖር ዓመታት የሚወስደው ለውጥ በኢንዛይም አማካይነት በዐይን ጥቅሻ ያልቃል፤ ኢንዛይሙም አንዱን ሥራ ጨርሶ ሳይደክም ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ታዲያ ከታወቁት ኢንዛይሞች ቢያንስ ሲሶ የሚሆኑት የማዕድን አዮን ካልያዙ አይሠሩም። ፕሮቲኑ ቢኖርም ባዶ እጁን የመጣ አናጢ ነው ማለት ነው።

ይህን በቤታችን ማየት ይቻላል። ቁስል ለማጠብ ከፋርማሲ የምንገዛው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቁስሉ ላይ ሲፈስ አረፋ ይደፍቃል። አረፋው ካታሌዝ የተባለ በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም የሚለቀው ኦክስጅን ነው። በካታሌዝ እምብርት ላይ የተቀመጠው ብረት ነው። አንዲት ካታሌዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮኖችን መሰባበር ትችላለች። የተላጠ ድንች ውሃ ሳይነከር ሲቆይ የሚጠቁረውም መዳብ ባለው ኢንዛይም ሥራ ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት መጥቆሩ ይዘገያል፤ ኮምጣጣው ኢንዛይሙን ያዳክመዋልና። ለጠጉራችንና ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠውም መዳብ የያዘ የዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው።

ዚንክ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው ራሱ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ሰውነታችን ምግብን ሲያቃጥል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ በደም ተጭኖ ወደ ሳንባ መድረስና በትንፋሽ መውጣት አለበት። እንደ ልብ እንዲጫን ግን አስቀድሞ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ በደም ውስጥ ወደሚሟሟ ነገር መለወጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1940 ኬይሊንና ማን የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ይህ ኢንዛይም ዚንክ እንዳለበት አረጋገጡ። ፕሮቲኑ ዚንኩን በሦስት በኩል አጥብቆ ይይዘዋል፤ በአራተኛው በኩል ውሃ ይቀመጣል። ዚንኩ ያንን ውሃ ያነቃዋል፤ የነቃው ውሃም በአጠገቡ ያለፈውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ይህን መስመር እያነበባችሁ ሳላችሁ የተነፈሳችሁት ትንፋሽ በዚንክ እጅ ያለፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ዚንክ የሚሹ ከ300 በላይ ኢንዛይሞች ታውቀዋል።

ሁለተኛው ሥራው ቅርጽን መያዝ ነው። በሽሮ ሜዳ በኩል ያለፈ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ክር ብቻውን ሸማ አይደለም፤ ተሸምኖ፣ ጫፉም ታስሮ ነው ሸማ የሚባለው። ፕሮቲንም እንደ ክር ረዥም ነው። ቅርጹን የሚይዘው ተጣጥፎ ሲቆም ነው። በብዙ ፕሮቲኖች ውስጥ ዚንክ ክሩ ላይ ተራርቀው ያሉትን ቦታዎች አንድ ላይ አስሮ እንደ ቋጠሮ ያገለግላል። ቋጠሮው ሲፈታ ክሩ ይላላል፤ ሥራውም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሮን ክሉግ ቡድን እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ከዘር ቅንጣት ጋር በሚገናኝ ፕሮቲን ላይ አገኘ፤ «የዚንክ ጣት» የሚል ስምም ወጣለት። የትኛው ዘር መቼ ሥራ እንደሚጀምር ከሚወስኑት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ በዚህ ቋጠሮ የቆሙ ናቸው። አንድ ኢንዛይም ሁለት ማዕድን የሚይዝበትም ጊዜ አለ፤ ሰውነትን ከጎጂ የኦክስጅን ዓይነት በሚጠብቀው ኢንዛይም ውስጥ መዳቡ ሥራውን ሲሠራ ዚንኩ ቤቱን ያቆማል።

እንግዲህ ሕዋስ የሚባዛውና ሕፃን የሚያድገው በእነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች ከሆነ፣ ዚንክ ሲያንስ ዕድገት መቆሙ አይገርምም። ይሁን እንጂ ዓለም ይህን ያመነው ዘግይቶ ነው። ዚንክ በየምግቡ ስላለ ሰው ሊጎድለው አይችልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የተባለ ትውልዱ ሕንድ የሆነ ሐኪም ኢራን ሺራዝ ከተማ ሲሠራ አንድ ሕመምተኛ ቀረበለት። ዕድሜው 21 ነው፤ መልኩና ቁመቱ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የሚበላው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ነው፤ ሥጋ አይቀምስም ማለት ይቻላል፤ አፈርም ይበላ ነበር። ብርቱ የደም ማነስም ነበረበት። ፕራሳድ ይህንና መሰሎቹን ሕመምተኞች እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፎ አሳወቀ። ቀጥሎም ወደ ግብፅ ሄዶ ተመሳሳይ ወጣቶችን መረመረ፤ ዚንክ እንደጎደላቸው ታወቀ፤ ዚንክ የተሰጣቸውም ቁመት ጨመሩ፤ ለአቅመ አዳምም ደረሱ።

ልብ በሉ፤ ስንዴው ዚንክ ነበረው። ሰዎቹም እስኪጠግቡ ይበሉ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ዚንኩ ተቆልፎ ነበር። በእህልና በጥራጥሬ፣ በተለይም በልጣጩ አካባቢ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ፋይቴት ዚንክን፣ ብረትንና ካልሲየምን አንቆ ይይዛል። አንቆ እንደያዘም በአንጀት አልፎ ይወጣል። ሰውዬው ሀብቱን በልቶ ሀብቱን ሳይወርስ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአርሲ፣ በዶዶታ ሲሬ ወረዳ የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ያጠኑት መላኩ ኡመታ፣ ጀማል ሃይደርና ከኔዘርላንድስ የመጡ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 100 የቀነጨሩ፣ 100 ያልቀነጨሩ ተመረጡ። ከየወገኑ ለገሚሶቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊግራም ዚንክ፣ ለገሚሶቹ ዚንክ የሌለበት መሳይ መድኃኒት ለስድስት ወር ተሰጠ። በመጨረሻ ሲለኩ ዚንክ ያላገኙት የቀነጨሩ ሕፃናት የጨመሩት ቁመት በአማካይ 2.8 ሴንቲሜትር ነበር። ዚንክ ያገኙት ግን 7 ሴንቲሜትር ጨመሩ። ያልቀነጨሩትም ቢሆኑ ዚንክ ያገኙት 6.6፣ ያላገኙት 5 ሴንቲሜትር ነው ያደጉት። ዚንክ ያገኙት ልጆች የምግብ ፍላጎታቸው ተሻለ፤ ተቅማጥ፣ ሳልና ትኩሳትም ቀነሰላቸው።

እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ ደጋግሜ አሰብሁ። የ7 እና የ2.8 ሴንቲሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ለስድስት ወር ሕፃን ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻችን 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገውም ቁጥሩ 37 በመቶ ነበር። የጉለሌው ኢንስቲትዩት በ2016 ባወጣው የንጥረ ምግብ ጥናትም ከአገራችን ሕፃናትና እናቶች ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ዚንክ እንደሚያንሳቸው ታይቷል። መቀንጨር ሁሉ ከዚንክ ነው አልልም፤ ድህነት አለ፣ ንጹሕ ውሃ ማጣት አለ፣ ተደጋጋሚ በሽታ አለ። ዚንክ ግን ከበሮቹ አንዱ ነው፤ ልንከፍተውም እንችላለን።

የመክፈቻው ቁልፍ አንዱ በየቤታችን አለ፤ እርሾ ነው። ሊጥ ሲቦካ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣነቱም ፋይቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያነቃዋል፤ ፋይቴዝም ፋይቴትን ይሰባብረዋል፤ የታሰረው ዚንክና ብረት በከፊል ይፈታል። በሌላ አነጋገር አንዱ ኢንዛይም በሊጥ ውስጥ ቆልፉን ይከፍታል፤ በሰውነታችን ያሉት ኢንዛይሞች ደግሞ የተፈታውን ይረከባሉ። እናቶቻችን ሊጡን ሁለትና ሦስት ቀን ሲያስቦኩ የፋይቴትን ስም አያውቁም ነበር፤ ሥራውን ግን ያውቁት ነበር። ዛሬ ግን በችኮላ አፍለኛ እንጀራ መጋገር፣ ልጁን በቂጣ ብቻ ማዋል እየተለመደ ነው። ቂጣ አትብሉ አላልሁም። የልጅ የዘወትር ምግብ ግን በደንብ የቦካ ቢሆን፣ ባቄላውና ሽምብራው ውሃ ውስጥ አድሮ ውሃው ቢደፋ፣ ለገንፎና ለአጥሚት የሚሆነው እህል በከፊሉ በቅሎ ቢፈጭ ወጪ የሌለው ትርፍ ነው። ማቡካት ቆልፉን ሁሉ እንደማይከፍት ግን መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ቁልፍ ሥጋና እንቁላል ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ዚንክ በፋይቴት ስላልታሰረ ሰውነት በቀላሉ ያገኘዋል። ይህ ውድ ነው፤ በየቀኑም አይገኝም። ሲገኝስ ለማን ይደርሳል? በብዙ ቤት ሥጋው ለአባወራውና ለእንግዳ ቀርቦ ለልጅ መረቁ ይቀራል። የዐረፋ ዕለት እንኳ ትልልቆቹ ተሰብስበው ከበሉ በኋላ ነው ሕፃናቱ የሚታሰቡት። መረቁ ደስ ይላል፤ ዚንኩ ግን በአብዛኛው ያለው በሥጋው ነው። የአንድ ዓመት ልጅ በጣም ደቅቆ የተከተፈ አንድ ሁለት ማንኪያ ሥጋ ቢሰጠው ከአባወራው ሳህን የሚጎድል ነገር አይታይም። ቡናና ሻይንም ከማዕድ ትንሽ ማራቅ ደግ ነው፤ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ቀላል ሆኖ ሳለ ከሁሉ የሚረሳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጠው መከሩ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነው 10 ሚሊግራም ነው። እንክብሉ በማንኪያ ንጹሕ ውሃ ወይም በጡት ወተት ይሟሟል። የታናሽ እህቴ ልጅ የአሥራ አራት ወር ሕፃን ሳለ ተቅማጥ ያዘውና ከጤና ጣቢያ ኦአርኤስና አሥር የዚንክ እንክብል ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ። ሰባቱን እንክብል በወረቀት ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። «ወንድም ጋሼ፣ የቆመ ተቅማጥ ምን መድኃኒት ያሻዋል? ሌላ ቀን ሲይዘው ይሆነኛል» አለችኝ። እኔም፣ «እህቴ፣ ዝናቡ ስላባራ የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፈነ ማለት ነው?» አልኋት። ተቅማጥ ዚንክን ጠርጎ ይወስዳል፤ የአንጀት ግድግዳም ይጎዳል። ግድግዳውን የሚያድሱት ሕዋሳት ሲባዙ ዚንክ ይጠይቃሉ። እስከ መጨረሻው የተሰጠ ዚንክ የዛሬውን ተቅማጥ ከማሳጠሩም በላይ በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። ኩላሊቱ ወይም ሆዱ ቢታመም ለልጇ የማትሰስት እናት እነዚያን ሰባት እንክብሎች የምትሰስተው ምክንያቱ ስላልተነገራት ብቻ ነው። እህቴም ሰባቱን አውጥታ ሰጠችው።

የማዕድን ነገር ሲነሣ ስለ ጠላቱም መናገር ግድ ነው። እርሳስ የሚባለው ማዕድን ወደ ሰውነት ሲገባ ለደም ቀይነት የሚሆነውን ነገር ከሚሠሩት ኢንዛይሞች በአንዱ ላይ ዚንኩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ወንበሩን ይይዛል እንጂ ሥራውን አይችለውም፤ ኢንዛይሙ ይቆማል፤ የደም ማነስ ይከተላል፤ የሕፃን አእምሮም ይጎዳል። ተማሪዎቼ የሚጽፉበት እርሳስ ከስሙ በቀር እርሳስ የለበትም፤ ውስጡ የካርቦን ዓይነት ነው። የሚያሰጋው የአሮጌ መኪና ባትሪ፣ የሚላላጥ አሮጌ ቀለም፣ ምንነቱ ያልታወቀ ኩልም ነው። ኩል መኳል በእኛ ዘንድ የተወደደ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ኩል ብዙው ከእርሳስ ማዕድን የተፈጨ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኩል ለሕፃን ዐይን አይሁን፤ ሕፃን ዐይኑን አሽቶ ጣቱን ይልሳልና።

ደግሞም ዚንክ ይጠቅማል ተብሎ ያለ ልክ መዋጥ አይገባም። ከልክ ያለፈ ዚንክ መዳብን ከአንጀት ያግዳል፤ መዳብ ሲጎድልም ሌላ የደም ማነስ ይመጣል። ነገሩ ሁሉ በሚዛን ነው፤ እንክብሉም በጤና ባለሙያ ቃል ይሁን።

ውድ አንባብያን፤ ላኪው ማን እንደሆነ የምናውቀው አደራ በእጃችን አለ። ሁለት ግራም ነው፤ ግን ዕድሜ ይመዝናል። የዶዶታው ጥናት ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ መድኃኒቱም ርካሽ ሆኖ በየጤና ጣቢያው ይሰጣል። የጎደለው አፍ ነው። እኛ የመድረሳ አስተማሪዎችና የመስጊድ ኢማሞች በየሳምንቱ የምንናገራቸው እናቶችና አባቶች አሉን። ከጁሙዓ በኋላ ሁለት ደቂቃ ወስደን፣ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ ዚንኩን አሥሩንም ቀን ይውሰድ፤ ሊጡ በደንብ ይቡካ፤ ሥጋው መጀመሪያ ለልጁ ይቆረጥ» ብንል ማንም አይነቅፈንም። እኔ በሰፈሬ ጀምሬዋለሁ። ባለፈው አንዲት እናት መጥታ፣ «ኡስታዝ፣ የኔ ልጅ ስምንተኛው ቀን ላይ ነው» አለችኝ። ሁለት ቀን እንደሚቀራት ነገርኋት።

ወላሁ አዕለም።